የቲቢ መድኃኒት «በባዶ ሆድ ይወሰድ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሪፋምፒሲን ከዋና ዋናዎቹ የቲቢ መድኃኒቶች አንዱ ነው። «በባዶ ሆድ ይወሰድ» ሲባል ብዙ ሰው ግራ ይገባዋል። ጾም ይዋሉ ማለት አይደለም። ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡት ማለት ነው። ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ይቀንሳል። ጠዋት እንደተነሱ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ መዋጡ ለብዙዎች ይቀላል።

በባዶ ሆድ ሲወስዱት የሚያቅለሸልሻቸው አሉ። እባክዎ በዚህ ምክንያት መድኃኒቱን እንዳይተዉት። ለጤና ባለሙያው ይንገሩት፤ ትንሽ ነገር ቀምሰው እንዲወስዱ ሊፈቅድልዎ ይችላል። ለጨጓራ አንታሲድ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሪፋምፒሲኑን ቢያንስ 1 ሰዓት ቀድመው ይዋጡ።

ሽንትዎ፣ ላብዎ፣ እንባዎ ሳይቀር ወደ ብርቱካንማ ቀይ ሊያደላ ይችላል። አይደንግጡ፣ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። ሊያሳስብዎ የሚገባው ሌላ ነው። የዓይንዎ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ወይም ማስመለሱ አልቆም ካለ ጉበት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ነገ ዛሬ ሳይሉ ሐኪም ጋ ይሂዱ። አልኮል ይቅርብዎ፣ ጉበትን ይበልጥ ይጎዳል።

የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ይህን ትወቅ፦ ሪፋምፒሲን የእንክብሉን ኃይል ያዳክመዋል። ስለ ሌላ መከላከያ ባለሙያ ታማክር።

አንድ ቀን ከረሱ በማግስቱ ደርበው አይውሰዱ። ሳሉ ስለቀነሰም «ድኛለሁ» ብለው አያቁሙ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር የሚፈጀው በሕይወት የተረፉት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዳይላመዱት ጭምር ነው።