«ስፒን» ከመሾሩ በፊት ይፈትል ነበር

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር በየዓመቱ ከምሰማቸው ስሕተቶች ሁሉ «ስፒን» በሚለው ቃል ላይ የሚሠራውን ያህል ያሰለቸኝ የለም። ተማሪዎች ብቻ ሳይሆኑ የሥራ ባልደረቦቼም ጭምር፣ ቃሉ ከጥንት ጀምሮ መሾር ማለት እንደ ነበረና ፈትልም በዚህ ስም የተጠራው እንዝርት ስለሚሾር እንደ ሆነ በሙሉ ልብ ይናገራሉ።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስፒናን» የሚለው ግሥ መፍተል ማለት ነበር፤ ሥሩ መሳብንና መዘርጋትን ያመለክታል፤ የመሾር ትርጉም የተጨመረበት ገና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር ይህንኑ ቃል ይጠቀማል፤ የእኛው «አይደክሙም አይፈትሉምም» ይላል። አንድ ተማሪዬ ግን ከእንግሊዝኛው ሲተረጉም «አይደክሙም፣ አይሽከረከሩም» ብሎ አመጣልኝ። ልጁ የመንዝ ተወላጅ ነው፤ እናቱ ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር ትፈትላለች! ለዕረፍት ሲሄድ እጇን ልብ ብሎ እንዲያይ አዘዝሁት፤ እንዝርቱ ጭን ላይ ተሽከርክሮ ሲለቀቅ ጣቶቿ ጸጉሩን እየሳቡ ያቀጥኑታል፤ መሳቡ ከቀረ እንዝርት ቀኑን ሙሉ ቢሾር ክር አይወጣውም። አማርኛ ሴቲቱ «ትፈትላለች»፣ እንዝርቱ «ይሾራል» ብሎ ሁለቱን ስለ ለየ፣ ይህ ለእኛ ሊከብደን ባልተገባ ነበር። እንግሊዝኛ ግን የፈታይዋን ግሥ ለመሣሪያዋ እንቅስቃሴ አዋሰ። ስለዚህ ቃሉን በቆየ ጽሑፍ ውስጥ የሚያገኝ ሰው አስቀድሞ የግሡን ባለቤት፣ ማለትም ድርጊቱን የሚፈጽመውን፣ ይፈልግ፤ መዝገበ ቃላት ሲገልጥም የመጀመሪያውን ትርጉም አይቶ አይዝጋ፣ ከኪስ መዝገበ ቃላትም ብዙ አይጠብቅ።

«ስፒንስተር» ከጅምሩ «ቆሞ ቀር» የሚል ስድብ ነበር የሚሉም አሉ። አልነበረም፤ ፈታይ ሴት ማለት ነበር። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያላገባች ሴት ሕጋዊ መጠሪያ ሆነ፤ በእንግሊዝ የጋብቻ መዝገብም እስከ እ.ኤ.አ. 2005 ቆይቷል።

ሸረሪትን የሚያመለክተው «ስፓይደር» ከ«ስፒን» ጋር አይገናኝም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ ፈታይ ማለት ነው።

«ስፓይራል» ግን ዘመዱ አይደለም፤ ጥቅልልን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል በላቲን በኩል የመጣ ነው። «ስፒናች» የተባለው ቅጠልማ ስሙ ከፋርስ የተነሣ ሆኖ ሳለ፣ በፈተና ወረቀት ላይ ከፈታዮች ጋር ተዛምዶ አግኝቼዋለሁ።