ግራንድ ኦል ኦፕሪ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሙዚቃ ተንታኝ በኤፍኤም ስለ ግራንድ ኦል ኦፕሪ ሲያወራ «በ1974 የተከፈተው ዝነኛው የናሽቪል ኦፔራ ቤት» ሲል ሰማሁት። ሻይዬን አስቀምጬ ከሬዲዮው ጋር ተጣላሁ። እንዲህ ሲባል የመጀመሪያዬ ቢሆን ዝም ባልኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ወንድሜ፣ ኦፕሪ ከአሜሪካዋ ናሽቪል ከተማ የሚተላለፍ የካንትሪ፣ ማለትም የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ፣ የሬዲዮ ፕሮግራም ነው። የጀመረው ቅዳሜ ማታ፣ ኖቬምበር 28 ቀን 1925 ነው። አንክል ጂሚ ቶምፕሰን የሚባል የ77 ዓመት ሽማግሌ የደብልዩኤስኤም ጣቢያ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ቫዮሊኑን ገዘገዘ። ያኔ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። ያለው የአንድ መድን ኩባንያ ስቱዲዮ ነው። የጣቢያው ስምም «ሚሊዮኖችን እንጠብቃለን» ከሚለው የኩባንያው የእንግሊዝኛ መፈክር የተወሰዱ ሦስት ፊደላት ናቸው።

«ኦፔራ»ስ ከየት መጣ? ከቀልድ። በ1927 መጨረሻ ከፕሮግራሙ በፊት የክላሲካል ሙዚቃ ሰዓት ይተላለፍ ነበር። የኦርኬስትራ መሪው ዋልተር ዳምሮሽ በክላሲካል ሙዚቃ ለእውነታ ቦታ የለም አለና፣ መልሶ ባቡር የሚያስመስል ሥራ አስደመጠ። የእኛዎቹ ተራ ሲደርስ አስተዋዋቂው ጆርጅ ሄይ ዴፎርድ ቤይሊን ጠራ። ቤይሊ ጥቁር የሃርሞኒካ ተጫዋች ነው። ፓን አሜሪካን የሚባለውን ባቡር ከነጩኸቱ ከነግስጋሴው አመጣው። ሄይም፣ እስካሁን ግራንድ ኦፔራ ስትሰሙ ቆይታችኋል፣ ከእንግዲህ «ግራንድ ኦል ኦፕሪ» ነው አለ። ኦፕሪ ማለት ኦፔራ በገጠሬ አፍ ነው። እሱን ኦፔራ ቤት የሚል ሰው ቀልዱ አምልጦታል።

ለእኛ ሰው በጽዋ ማኅበር ማስረዳት ይቀላል። የዚህ ወር ተረኛ እትዬ አስካለ ቢሆኑ «ማኅበሩ የእትዬ አስካለ ሳሎን ነው» የሚል አለ? ኦፕሪም ብዙ ቤት ዞሯል። ከ1943 ጀምሮ ረጅም ጊዜ የተቀመጠው ለስብከት በተሠራው ራይማን አዳራሽ ነው፣ መቀመጫው ሳይቀር የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ነው። በ1974 አዲሱ ቤት ሲገባ ከራይማን መድረክ ላይ ክብ እንጨት ተቆርጦ አዲሱ መድረክ ውስጥ ተገጠመ። ስፋቱ ሁለት ሜትር አይሞላም። ዘፋኞቹ እሱ ላይ ቆመው ይዘፍናሉ። ጽዋው ማለት እሱ ነው።

አባልነቱም እንዲሁ ነው፤ ተጠርተህ ነው የምትገባው። መቅረት ያስቀጣ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ አባል በዓመት 26 ጊዜ መገኘት ነበረበት። ሃንክ ዊሊያምስን የሚያህል ዝነኛ የካንትሪ ዘፋኝ እንኳ በመጠጥና በመቅረት በ1952 ተባሯል። እዚህ ድረስ ምሳሌዬ ይሄድልኛል። ዴፎርድ ቤይሊ ላይ ግን ይሰበራል። ያን ባቡር ያመጣውን ሰው በ1941 አሰናበቱት፤ እሱም እዚያው ናሽቪል ጫማ እየጠረገ ኖረ። ቀጣዩ ጥቁር አባል ቻርሊ ፕራይድ የገባው በ1993 ነው። እኔ የማውቀው ማኅበር ሰው እንዲህ አይጥልም።

የማሰራጫ ቴክኒሻን ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «ድምፁ አሜሪካን ያዳርስ ነበር» ሲባል፣ ማታ ማታ በሉ። መካከለኛ ሞገድ ቀን ቀን ምድር ለምድር ነው የሚሄደው፤ ሲመሽ ግን ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ሩቅ አገር ይወርዳል። የደብልዩኤስኤም ሰዎች ከ1932 ጀምሮ በ650 ኪሎኸርዝ 50,000 ዋት ይለቁ ነበር። ማማውም 268 ሜትር ነበር፣ ቁመቱ በዛ። ከላይ የሚመለሰውና ምድር ለምድር የሚሄደው ሞገድ ራቅ ያለ ቦታ ላይ እየተጋጩ ስላስቸገሩ ወደ 246 ሜትር አሳጠሩት። ይህን ለተንታኙ ብነግረው የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ደግሞ «የመጀመሪያው» አትበሉ። ሄይ ራሱ የመጣው ቺካጎ ከነበረ ተመሳሳይ ፕሮግራም ነው። ያኛው ቀድሞ ጀመረ፣ ቀድሞም ቆመ። ኦፕሪ ግን 100 ዓመቱን በ2025 ደፈነ።

በ2010 ጎርፍ ቤቱ ገብቶ መድረኩን ሲያሰጥመው ፕሮግራሙ ሌላ አዳራሽ ሄዶ ቀጠለ። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ደግሞ ተመልካች ቀረ። ቅዳሜ ማታ ሙዚቀኞቹ ያንን ክብ እንጨት ረግጠው ለባዶ ወንበር ዘፈኑ፤ ሬዲዮውም አስተላለፈ።