የከባድ መኪና ረዳት ምንድን ነው?

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ወጣት አዲስ መንጃ ፈቃድ ይዞ ባለንብረት ዘንድ ሥራ ሊጠይቅ ሲሄድ፣ ወረቀቱ ሳይገለጥ የሚቀድመው ጥያቄ «የማን ረዳት ነበርክ?» የሚል ነው። የሹፌሩን ስም ጠርቶ ባለንብረቱ ሰውየውን ካወቃቸው ወሬው ይቀጥላል። «የማንም» ካለ ሻይ ተጋብዞ ይሸኛል።

ረዳት ከሹፌር ጋር ጋቢና ውስጥ የሚጓዝ፣ ከመሪው በቀር የመኪናው ነገር ሁሉ በእጁ ያለ ሰው ነው። ከታክሲ ወያላ ጋር አይምታታ። የወያላ ሥራ ከሰው ጋር ነው፤ ይጣራል፣ ሒሳብ ይቀበላል። የረዳት ሥራ ከጎማ፣ ከገመድ፣ ከሸራና ከእንቅልፍ ጋር ነው። ረዳትን «ወያላ» ብሎ የጠራ ይቀየሙታል፤ እኔም ሁለት ዓመት ተኩል በረዳትነት ስሠራ ስንቱን ተቀይሜያለሁ።

ቀኑ የሚጀምረው ሹፌሩ ሳይነሳ ነው። ሞተሩ ይነሳና የፍሬኑ አየር እስኪሞላ ይጠበቃል፤ የከባድ መኪና ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ስለሆነ አየሩ ሳይሞላ መኪናው ከቆመበት አይነቃነቅም። በዚህ መሃል ረዳቱ መዶሻ ይዞ ጎማ ይዞራል። የኋላው ጎማ ጥንድ ጥንድ ነው፤ የውስጠኛው ቢተነፍስ ውጨኛው ተሸክሞት ስለሚቆም በዓይን አይለይም። የሚለየው በጆሮ ነው። ሙሉ ጎማ መዶሻውን ያነጥረዋል፣ ድምፁም ይጠራል። የተነፈሰው «ዱብ» ብሎ ዝም ይላል። ያንን ሳያውቁ ባቲን አልፈው ወደ ሚሌ ከወረዱ፣ የሁለቱ ጭነት በአንዱ ላይ አርፎ፣ አስፋልቱም ግሎ፣ በረሃ መሃል ይፈነዳል።

በመጀመሪያው ሳምንቴ ጎማውን ሁሉ ዞሬ «ደህና ነው ጋሼ» አልኩ። ሹፌሬ መዶሻውን ተቀብለው ከተሳቢው አንዱን ጎማ መቱና «ይሄስ?» አሉኝ። «ደህና ነው።» «እስቲ ጎረቤቱን ምታና አወዳድር።» መታሁ። አፈርኩ። «አብሽር» አሉኝ፣ «እኔም አሰብ መንገድ ላይ ነው የተማርኩት።» አሰብ እስከ 1990 ድረስ የወደብ መንገዳችን ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ መኪናው ሁሉ ከሚሌ በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ዞረ። እሳቸው ግን ስለ ማንኛውም ነገር ሲያወሩ አሰብን ሳያነሱ አይውሉም ነበር።

ስለ ቋንቋውም አንድ ነገር ልበል። ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ጋቢና፣ ቦቴ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ከ1928ቱ ወረራ ወዲህ ከመጡት ጣሊያኖችና ከፊያት መኪኖቻቸው ጋር የቀሩ። ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም። «ክሪኩን!» የሚል ጩኸት ከመኪናው ሥር ይመጣል፤ ልጁ የተሳሳተ ዕቃ ያቀብላል፤ ይሰደባል፤ በሁለተኛው ቀን ያውቀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ሐረጎ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመሃላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ በዚህ ቁልቁለት ሲወርድ የሚይዘው ፍሬን አይደለም፣ ማርሽ ነው። ደንቡ መኪናው ዳገቱን በወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው፤ ሞተሩ ራሱ እያጓራ ይይዘዋል። ነዳጅ እቆጥባለሁ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳያስገባ፣ የለቀቀ ሰው ክብደቱን በሙሉ በፍሬን ሸራው ላይ ጣለው ማለት ነው፤ ይህ ሸራ የጭነቱ ሸራ ሳይሆን ፍሬን ሲረገጥ ብረቱን ተጭኖ የሚይዘው ነው። ሸራው ሲግል መያዙን እያጣ ይሄዳል፤ የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ሲረግጡት እግር ብቻ ይወርዳል።

እዚህ ላይ የረዳት ሥራ ማሽተት ነው። ሹፌሩ ዓይኑ መንገድ ላይ፣ እጁ መሪ ላይ ነው። ረዳቱ መስኮቱን ከፍቶ፣ የደሴ ጉም ፊቱን እየመታው፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይጠብቃል። አንዴ የሸተተው አይረሳውም። «ጋሼ፣ ሸተተኝ» ይላል፤ መኪናው ሰፋ ያለ ቦታ ይፈለግለትና ይቆማል። የጋለ ፍሬን ላይ ውኃ አይደፋም፣ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፤ እስኪበርድ ነው የሚጠበቀው። ስንት ልጅ ጄሪካን ይዞ ሲሮጥ «ተው!» ተብሎ ተጮኾበታል።

ዳገት ላይ ሲቆም ደግሞ መጀመሪያ የሚዘለው ረዳት ነው፤ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ጎማ ሥር ታኮ፣ ማለትም ማገጃ፣ ያስገባል። ታኮ ከሌለ ድንጋይ ያስገባል። (እዚህ ላይ የሙያ ወንድሞቼን ልቆጣ፦ መኪናው ሲነሳ ያንን ድንጋይ አስፋልት ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ማታ ከኋላ የሚመጣው ባለ ሞተር ሳይክል ምን አደረጋችሁ?)

መንጃ ፈቃዱስ? በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ፈቃዱ በተሽከርካሪው ዓይነት ይከፋፈላል፤ ለጭነት ደረቅና ፈሳሽ የሚባሉት ናቸው። ፈሳሹ ለቦቴ ነው። እያንዳንዱ በደረጃ የሚወጣ ሲሆን ተሳቢ ያለው ከላይኛው ላይ ነው። አሮጌዎቹ ሹፌሮች ግን ዛሬም በድሮው አጠራር «አምስተኛ መንጃ» ነው የሚሉት። ማሰልጠኛ ተቋሙ ምልክት ያስተምራል፣ ባዶ መኪና በቋሚዎች መካከል ወደ ኋላ ያስነዳል። አልንቀውም፤ ሕግ የሚማሩት እዚያ ነው። ጭነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል መሪው እጅ ላይ እንዴት እንደሚለወጥ ግን አይገኝበትም። ለዚህ ነው ባለንብረቱ የሹፌር ስም የሚጠይቀው። ልጅ ቢጠይቀኝ አንድ ዓመት ረዳትነት፣ ከዚያ ፈቃድ፣ ከዚያ በሐይቅና በመርሳ ከተሞች መካከል በአነስተኛው የጭነት መኪና በአይሱዙ እህል ማመላለስ፣ ተሳቢ በመጨረሻ እለዋለሁ። ፈቃድ ለሌለው ረዳቱ በረሃ ላይ መሪ የሚሰጥ ሹፌር ብዙ ነው፤ ልጁ የተወደደ ይመስለዋል። አደጋ የደረሰ ቀን ግን ሁለቱም ይታሰራሉ።

ስለ ገንዘቡ ደስ የሚል ነገር የለኝም። ረዳት አብዛኛውን ጊዜ ውል የለውም፤ ከሹፌሩ ኪስ የሚወጣ ብር፣ ምግብ፣ ማደሪያ ጋቢና። እኔ ጭነት ላይ ወጥቼ ሸራ ስስብ ወድቄ ክንዴ ሲሰበር ያሳከሙኝ ሹፌሬ ናቸው። ባለንብረቱ ስሜንም አያውቅ ነበር።

ፈቃዱን አውጥቼ ጥቂት ዓመት በአይሱዙ ከሠራሁ በኋላ ወደ ተሳቢ ስሻገር፣ ጋሼ ጡረታቸውን ትተው ለአንድ ጉዞ አብረውኝ ወጡ። ከደሴ ተነሳን። እሳቸው ዱዓቸውን አደረጉ፣ እኔ አማተብኩ። ከከተማው ስንወጣ ማርሽ ቀነስኩ። ምንም አላሉም። የሐረጎ የመጀመሪያው ጥምዝ ጋ ስንደርስ፣ በእኔ በድሮው ወንበር ላይ ተደላድለው መስኮቱን እስከ ታች ከፈቱት።