«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል»

ይህን ተረት ብዙዎቻችን የሌባ ሹም መፈክር አድርገን ነው የምናውቀው። ሥሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ቁልፉ «መብላት» የሚለው ቃል ነው።

ድሮ ሹም ደመወዝ አልነበረውም። ጉልት ይሰጠዋል። ከዚያ መሬት የሚመጣውን ግብር ይበላል። ያኔ መብላት የሹመቱ መተዳደሪያ እንጂ ስርቆት አልነበረም። ጣጣው ሹም ሽሩ ነው። ዛሬ የተሾመ ሰው ለከርሞ መኖሩን አያውቅም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይበላል። የሚበላው ደግሞ ከገበሬው ጎተራ ነው። ተረቱን ስሰማ እኔን የሚሰማኝ የዚያ ገበሬ ምሬት ነው። በኋላ ሹማምንት ደመወዝተኛ ሆኑ፣ መብላትም ጉቦ ሆነ። ተረቱ ግን እንዳለ ቀረ።

ሰሞኑን ደጋግሜ ያስታወስኩት በቀድሞው አሜሪካዊ ሴናተር በቦብ ሜኔንዴዝ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ሴናተር በዓመት 174 ሺህ ዶላር ይከፈለዋል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ኤፍቢአይ ኒው ጀርሲ ያለውን ቤታቸውን ሲፈትሽ ከ480 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አገኘ። ፖስታ ውስጥ፣ ጃኬት ኪስ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ጥፍጥፍ ወርቅም ነበር። ሰውየው የአንድ ኪሎ ወርቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጎግል ላይ መፈለጋቸው ሳይቀር በክሱ ላይ ሰፍሯል። በሐምሌ 2024 በጉቦና በሌሎች ወንጀሎች በቀረቡባቸው 16 ክሶች ሁሉ ጥፋተኛ ተባሉ፤ ለግብፅ ወኪል ሆኖ መሥራትም አንዱ ነው። በነሐሴ ሥልጣን ለቀቁ። በጥር 2025 ደግሞ 11 ዓመት ተፈረደባቸው። እሳቸው ግን ጥፋተኛ አይደለሁም ይላሉ።

እኛ አበሾች ስማቸውን የምናውቀው ከዚያ በፊት ነው። በ2021 መጨረሻ ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚያስከትለውን ኤስ 3199 የተባለ ረቂቅ ሕግ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ዋሽንግተን ያሉ ወገኖቻችን ስንት ቀን ሰልፍ ወጡበት! ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። እውነቱን ለመናገር ያ ረቂቅ በጉቦ ተገዛ ያለ ፍርድ ቤት የለም፤ ሁለቱን ማደባለቅ ተገቢ አይመስለኝም።

በክሱ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። በ2020 ሜኔንዴዝ በሕዳሴ ግድብ ድርድር አሜሪካ ይበልጥ እንድትገባበት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩና ለገንዘብ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፉ። ዐቃቤ ሕግ ይህን ደብዳቤ ለግብፅ ከሠሯቸው ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል። እዚያ ቦታ ስደርስ ንባቤን አቆምኩ። ከወር ደመወዛቸው ቆርሰው የግድቡን ቦንድ የገዙ አስተማሪዎች፣ ዘበኞች፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በዓይኔ መጡ።