«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»

ሐዋሳ ውስጥ ይህን አባባል ሳይሰሙ መዋል ይከብዳል። ባጃጁ መንገድ ላይ የቆመበት ሹፌር ይለዋል። አሞራ ገደል ላይ መረቡን ባዶውን ያወጣ ዓሣ አጥማጅ ይለዋል። ትዳሯ የፈረሰባትን ልጅ ሊያጽናኑ የመጡ እናቶችም ይሉታል። ሰው የሚገጥመው ነገር ገና ከጅምሩ ተቆርጦለታል፣ ቢሮጥም አያመልጠውም ማለት ነው።

አርባው ከየት መጣ? በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ሙስሊሞች ዘንድ ደግሞ የታወቀ ሐዲስ አለ። ፅንሱ በማኅፀን ሦስት ጊዜ አርባ አርባ ቀን ያሳልፋል፤ ከዚያ መልአክ መጥቶ ሲሳዩን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውንና መጨረሻውን ይጽፋል። በሁለቱም ቤት አርባ ከሰው ጅማሬ ጋር የተሳሰረ ቁጥር ነው። ሴቶችም ቢሆኑ «የአርባ ቀን ዕድሌ» ነው የሚሉት፤ ሰማንያ ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

አባባሉን ያስታወሰኝ ሱፐርናቹራል የተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ፒያሳ ሄዶ ፍላሽ ላይ አስጭኖ አመጣውና አብረን አየነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2020 የታየ፣ 15 ሲዝን ያለው ሥራ ነው። ዲንና ሳም የተባሉ ወንድማማቾች የ1967 ሞዴል በሆነች ሼቭሮሌት ኢምፓላ መኪና አሜሪካን እየዞሩ ጋኔን እያደኑ ይገድላሉ። ሳም የስድስት ወር ሕፃን ሳለ አንድ ጋኔን አልጋው ድረስ መጥቶ ደሙን አፉ ውስጥ አንጠባጥቦበታል። የሳም የአርባ ቀን ዕድል ይሄ ነው። ሲያድግ የሉሲፈር ማደሪያ እንዲሆን ታጭቷል፤ ዲን ደግሞ የሚካኤል። ሁለቱ ተዋግተው አንዱ መሞቱ አይቀርም፣ ተወስኗል ይሏቸዋል መላእክቱ። (ቅዱስ ሚካኤልን ለምንወድ ሰዎች ጆሮ ይቆረቁራል፤ ድራማ ነው ብሎ ማለፍ ነው።)

አምስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ሳም ሉሲፈርን በሰውነቱ ይዞ ወደ እስር ጉድጓዱ ሊዘል ያስባል። ግን ሉሲፈር ይበረታበታል። በሳም እጅ ዲንን ፊቱ እስኪያብጥ ይደበድበዋል። ዲን መልሶ አይመታም። አለሁ፣ ጥዬህ አልሄድም ይለዋል። በዚህ መሃል የሳም ዓይን መኪናው ውስጥ፣ ልጅ ሳለ መተርኮሻው ውስጥ የሸጎጠው የወታደር አሻንጉሊት ላይ ያርፋል። ልጅነታቸው ይመጣበታል። እጁን ይገታና ራሱን ጉድጓዱ ውስጥ ይጥላል።

የጋኔኑን ደም ሳም አልመረጠውም። ዝላዩን ግን መርጧል። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ ፊትህ ቀርበዋል፣ እጅህን ወደ ወደድከው ዘርጋ ይላል። ይህን መጽሐፍ የሚያከብሩት አባቶቻችን ናቸው «የአርባ ቀን ዕድል»ንም ያቆዩልን። ሁለቱ አብረው የኖሩት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ አባባሉን ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሚናገሩት ነው። እናቶቹ ለዚያች ልጅ ሲሉት ጥፋቱን ከትከሻዋ እያወረዱላት ነው። ትክክል ናቸው።

ገና ላልሆነ ነገር ሲባል ግን ያመኛል። ሰፈራችን ውስጥ የ12ኛ ክፍል ውጤት ያልመጣለትን ልጅ ቤተሰቡ ፊት እንዲህ ብለውታል። ልጁ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል። ታላቅ ወንድሙ ማታ ማታ ሒሳብ እያስጠናው ነው።