ጉልበተኛ ፈረስና ልጓም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሐሙስ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ካለ ብየዳ ቤት ደጃፍ ቆሜ ነበር። አንድ ጎረምሳ ዳማ ፈረሱን እንጨት ላይ አስሮ፣ ለልጓም የሚሆን ጥምዝ ፌሮ ያስቆርጣል። «ጋሼ፣ ከጅሬን ቁልቁለት ስወርድ አልያዝ ይለኛል፤ ክንዴን ገነጠለው። ይሄም ካልያዘው ምን ይይዘዋል?» አለኝ። ጠጋ ብዬ የፈረሱን ከንፈር ገለጥ ሳደርግ የግራው ጥግ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተሰንጥቋል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። የሰማውን ነው የሚሠራው፤ እኔም በሱ ዕድሜ ያንኑ ሠርቻለሁ።

«ጉልበተኛ ፈረስ ከባድ ልጓም ይፈልጋል»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። ልጓሙ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ከፈለጋችሁ አውራ ጣታችሁን በከንፈሩ ጥግ አስገቡ። በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ባዶ ድድ አለ። ቀስ ብላችሁ ዳብሱት፤ ከስሱ ሥጋ ሥር የምታገኙት እንደ ቢላዋ ጀርባ የቀጠነ አጥንት ነው። ብረቱ የሚጫነው እሱንና ምላሱን ነው። ፈረስ ደግሞ ሲያመው የሚያውቀው መላ አንድ ነው፦ መሮጥ። ሲያመው ይሮጣል፣ ሲሮጥ እናንተ ትስባላችሁ፣ ስትስቡ ይብስበታል። ሁለት መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝን እንስሳ በክንድ ጉልበት ተይዞ አያውቅም፤ የሚቆመው መቆም ስለተማረ ነው።

እኔ ብመርጥ ልሙጥ ብረት፣ ግራና ቀኙ ላይ ቀለበት ያለው፣ ዛቡ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው መሳቢያ ጠፍር፣ በቀጥታ ከቀለበቱ የሚታሰርበትን ነው የምመርጠው። መሐሉ ላይ አንድ መታጠፊያ ብቻ ያለው አጥብቀው ሲስቡት ምላስን ይቆነጥጣል። በመሐል አጭር መገናኛ ኖሮት ሁለት ቦታ ላይ የሚታጠፈው ለብዙ ፈረስ ይሻላል።

«የአባቶቻችን ባለ ቀለበት ልጓም ማንንም ያቆማል»

ያቆማል፤ ግን እንዴት እንደሚያቆም እንይ። በአፍ ውስጥ ወደ ላይ የተቆለመመ ብረት አለው፣ ከሱ የሚወርደው ቀለበት ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ይከባል። ዛቡ ሲሳብ ቁልምሙ ላንቃውን ይገፋል፣ ቀለበቱ አገጩን ከታች ይጨብጣል። ከጎኑ ዘንግ ካለው ነገሩ የመፈንቅል ሥራ ይሆናል። ዘንጉ ከአፍ በላይ 4 ሳንቲ፣ ከአፍ በታች 12 ሳንቲ ቢሆን፣ የ5 ኪሎ ስባት አፉ ጋ ሲደርስ ወደ 15 ኪሎ ይጠጋል።

አባቶቻችን ይህን ሲጠቀሙ አንድ እጃቸው ጦር፣ አንዱ ጋሻና ዛብ ይይዝ ነበር። ዛቡ ልል ነው፤ ፈረሱም በጣት ንክኪ የሚገባው የሠለጠነ ነው። የኛው የጅማ ንጉሥ የአባ ጅፋር ስም እንኳ የፈረስ ስም አይደል? ጋላቢው በፈረሱ የሚጠራበት አገር ነው። ያንኑ ብረት ቀኑን ሙሉ ዛብ ላይ ተንጠልጥሎ ለሚውል የጋሪ ነጂ መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

«አፉ ደንድኗል፣ አይሰማውም»

ደነደነ የምንለው ጠባሳውን ነው። ላዩ ይጠነክራል፣ ሥሩ ያለው አጥንት ግን ያው አጥንት ነው፤ እንዲያውም ደጋግሞ ሲጎዳ ትርፍ አጥንት ሊያወጣ ይችላል።

ልጓም ከመቀየራችሁ በፊት ጥርሱን አስዩ። የፈረስ የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ይሰፋል። ስለዚህ ሲያኝክ የላይኞቹ ጥርሶች በውጭ ጠርዛቸው፣ የታችኞቹ በውስጥ ጠርዛቸው እየሾሉ ይሄዳሉ። የላይኛው ጉንጩን፣ የታችኛው ምላሱን ይልጣል። ዛብ ሲሳብ ጉንጩ ወደ ሹሉ ጥርስ ይገፋል፤ እኛ «አመለኛ» እንለዋለን። ራሱን የሚወዘውዝ፣ ወደ አንድ ወገን አልዞርም የሚል፣ ያላመጠውን ሣር እየጠቀለለ የሚጥል ፈረስ ካላችሁ ጠርጥሩ። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከመንጋጋ ጥርሶቹ ፊት ትንሽ ትርፍ ጥርስ ትበቅላለች፤ ልጓም በነካት ቁጥር ታሳብደዋለች። ሐኪም በሞረድ ያስተካክለዋል፣ ትርፏንም ይነቅላታል። ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ባለው ከተማ እየኖርን በጉጠት ራሳችን መሞከራችን ያሳፍራል።

ደግሞም ሳምንቱን ሙሉ ገብስ እየበላ ታስሮ የሚውል ፈረስ እሑድ ቢፈነጥዝ ጥፋቱ የልጓም አይደለም።

«ብረቱ በወፈረ ቁጥር ለስላሳ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። የፈረስን አፍ ከሞላ ጎደል ምላሱ ሞልቶታል። የኛ ፈረስ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በጣም ወፍራም ብረት ማረፊያ አጥቶ ምላሱን ሲያፍነው ይውላል።

«አፉን ከከፈተ በገመድ እሰረው»

አፉን የሚከፍተው ስላመመው ነው። ማሰር ሕመሙን መደበቅ ነው፤ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

«አንድ ልጓም ለሁሉም ይበቃል»

ሲባጎ በአፉ አሳልፋችሁ ሁለቱ የከንፈር ጥጎች ላይ ቋጠሮ አድርጉ። በየወገኑ ግማሽ ሳንቲ ያህል ብትጨምሩ ልኩ ያ ነው። የጠበበ ከንፈር ይቆነጥጣል፣ የሰፋ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድዱን ይፍቃል። በዚያ ላይ አገጩ ሥር አብጦ መግል የሚይዘው የፈረስ በሽታ በጋራ ልጓምና በጋራ ውኃ መጠጫ ይተላለፋል። ስለዚህ ለየፈረሱ የራሱ ልጓም ይኑረው፣ ሥራ ሲያበቃም ይታጠብ።

ጎረምሳውን፣ ዳማው ለጥቂት ቀን ከልጓም አርፎ ቁስሉ ይዳን አልኩት። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ በእርምጃ ብቻ፦ ሳብ፣ ቆም ሲል ወዲያው ልቀቅ። ፈረሱ የሚማረው ከስባቱ ሳይሆን ከልቀቱ ነው። ቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ልጁ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ፌሮውን ግን ይዞት ሄደ። ተከፍሎበታላ፤ ለበር መቀርቀሪያ ይሆነኛል አለ።