መዥገር ምንድን ነው?

ፍኖተ ሰላም፣ እናቴ ጓሮ አጥሩ ሥር ጉሎ አለ። ፍሬውን ምጣድ ታስስበታለች። ልጅ ሳለሁ የውሻችን የቡቺ ጆሮ ውስጥ የጉሎ ፍሬ የተጣበቀ መሰለኝና ልነቅል ሳብ አደረግሁት። ቡቺ ጮኸ። ፍሬ አልነበረም፤ ደም ጠጥቶ የተነፋ መዥገር ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው ስህተቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። የጉሎ ሳይንሳዊ ስም ሪሲነስ ነው። ቃሉ በላቲን መዥገር ማለት ነው፤ ፍሬው ስለሚመስለው እንዲህ ተባለ።

መዥገርን ብዙ ሰው ከቁንጫና ከቅማል ጋር ይደምረዋል። ዘመዱ ግን ሸረሪት ነው። ሲያድግ ስምንት እግር አለው። እንደ ቁንጫ አይዘልም፣ አይበርምም። ሣር ወይም ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ወይም ወደ ተኛ እንስሳ እየዳኸ ይሄዳል። እንስሳው መቅረቡን በትንፋሹና በሙቀቱ ያውቃል።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በሬና ላም ላይ የሚበረክቱት ሌሎች ናቸው። ውሻ ላይ በብዛት ከሚገኙት አንዱ ቡናማው የውሻ መዥገር ነው፤ የማወራው ስለ እሱ ነው።

ይህ መዥገር በዕድሜው ሦስት ደረጃ አለው። ከእንቁላል ሲወጣ ስድስት እግር ብቻ ያለው፣ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ነገር ነው። ውሻው ላይ ወጥቶ ለጥቂት ቀናት ይጠጣል፣ ሲጠግብ ይወርዳል፣ ቆዳውን ይቀይራል። አሁን ስምንት እግር አለው። ተመልሶ ወጥቶ ይጠጣል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይቀይራል። በመጨረሻ ሴቷ እንደ ጉሎ ፍሬ እስክትሆን ጠጥታ ትወርድና እንቁላሏን ትጥላለች፤ 4000 ሊደርስ ይችላል። ከዚያ ትሞታለች።

ሲወርድ የት ይሄዳል? ስንጥቅ ፍለጋ። የጭቃ ግድግዳ፣ የድንጋይ ካብ፣ ውሻው የሚተኛበት አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት፣ ሁሉም ይመቸዋል። ግድግዳ ሽቅብ መውጣትም ይወዳል። ያደገ መዥገር ደም ሳያገኝ ከአንድ ዓመት በላይ መቆየት ይችላል። እንግዲህ ውሻው ላይ የምናየው ከጠቅላላው ጥቂቱን ነው። ዛሬ ሰባት ለቅመን በሳምንቱ ሌላ ሰባት ብናገኝ ምን ይገርማል? እኛ ቤት ለዓመታት የሆነው ይኸው ነው። ቡቺን እያሻሸን ስናጥብ፣ ከረጢቱን አንድም ቀን አላነሳነውም።

ከሁሉ የሚቀድመው የውሻው መኝታ ነው። የሚነጠፍለትን በየሳምንቱ በፈላ ውሃ እጠቡ፤ ያረጀውን አቃጥሉት። በዙሪያው ያለውን ሣር እጨዱ። ስንጥቁን ምረጉ። እናቴ ክረምቱ ሲወጣ፣ ለመስቀል፣ ግድግዳውን በጭቃና በእበት ትለስናለች። ለውበት ብላ ነው፤ የመዥገሩንም በር ትዘጋበታለች። ዶሮዎችም መዥገር ለቅመው ይበላሉ፣ ግን ስንጥቅ ውስጥ የገባውን አያገኙትም።

ውሻው ላይ የተጣበቀውን ለማንሳት እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ ይበቃል። ከሆዱ ሳይሆን ከአፉ በኩል፣ ወደ ውሻው ቆዳ አስጠግታችሁ ያዙት፤ ሳታጣምሙ ቀስ ብላችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ላምባ መቀባትና በክብሪት መለብለብ ይቅር፤ ውሻውን ይጎዳል እንጂ አይረዳም። እንደ ቅማል በጥፍር ማፍረጥም ልክ አይደለም፣ በደሙ ውስጥ በሽታ ሊኖር ይችላል። አልኮል ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ጣሉትና ክደኑት። የዳጉሳ አረቄ ማባከን ግን አልመክርም። ስትፈልጉ ጆሮው ውስጥ፣ አንገቱ ላይ ከማሰሪያው ሥር፣ ብብቱን፣ በጣቶቹ መካከልና ጭራው ሥር እዩ።

ደም መምጠጡ ብቻ አይደለም ችግሩ። ከውሻ ወደ ውሻ በሽታ ያሻግራል። ኤርሊኪያ የሚባለው ተሐዋሲ የያዘው ውሻ ያተኩሰዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ አንዳንዴም ይነስረዋል። ባቤሲያ ደግሞ የደሙን ቀይ ሕዋስ እየሰበረ ድዱን ያነጣዋል፤ ሽንቱ እንደ ቡና ሊጠቁር ይችላል። እንዲህ ካያችሁ ነገ ይሻለዋል አትበሉ፤ የዚያኑ ዕለት የእንስሳት ሐኪም ይየው።

መድኃኒት ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። ለከብት የተገዛ የመዥገር መርጫ ተርፏል ተብሎ ውሻ ላይ አይፈስስም። መጠኑ የተሠራው ለበሬ ነው። ድመት ላይማ ነገሩ የባሰ ነው፤ ብዙ የውሻ መዥገር መድኃኒት ውስጥ የሚገባው ፐርሜትሪን የሚባል ኬሚካል ድመት ይገድላል። ድመቷ ራሷ ባትቀባም ገና ያልደረቀ ውሻ ተጠግታ ብትተኛ ሊጎዳት ይችላል። ሐኪሙ ለውሻው መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ቤት ውስጥ ድመት እንዳለች ንገሩት።